የመሃል ተራ

አቶ ኪዳነን እንቅልፍ እምቢ ቢላቸው፣ ልጃቸው ፅዮን እያዳመጡ የሚያሸልቡበት የሚያረጋጋ ንግግር በድምፅዋ ስልካቸው ላይ ቀዳችላቸው። ከምሳ በኋላ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው ከፈቱት።

«አባባ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ያደጉበት መደብ ላይ ነዎት። ጭሱን በረጅሙ ይሳቡት፤ ማሳል ክልክል ነው! ቁንጫዋ እግርዎ ላይ ወጣች። አያባርሯት፤ ቤቱ የሷም ነው።»

ሳቁ። ይህን ሁሉ ያጫወቷት ራሳቸው ናቸው።

«ሦስት ወንድማማች በአንድ ዝተት ተሸፍናችኋል። ሞቃቱ መሃሉ ነው፤ እሱም በተራ ነው። ዛሬ የማን ተራ ነው?»

ሳቃቸው ቆመ። ተራው የታናሻቸው የምንይሉ ነበር። እያሳለው እሳቸው ወደ ዳር ገፍተውት መሃሉን ያዙ፤ በሳምንቱ ተቀበረ። ይህን ለንስሐ አባታቸው እንኳ አልተናገሩም።

«ፅዮን!» ብለው ተጣሩ። በሩ ላይ ብቅ አለች። «የተራውን ነገር ማን ነገረሽ?»

«የምን ተራ፣ አባባ? እኔ እኮ ቁንጫዋ ጋ ስደርስ ሳቄ መጥቶ አቋረጥኩት።»

እሷ በሩ ላይ ቆማለች። ድምፅዋ ግን ከስልኩ ቀጠለ።

«ኪዳነ፣ በረደኝ። መሃሉን ልቀቅልኝ።»

አቶ ኪዳነ ቀስ ብለው ወደ አልጋው ጠርዝ ተጠጉ። ፍራሹ መሃሉ ላይ ሰመጥ አለ።