ለቁራ የተወረወረው ጥርስ

መርዶው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የደረሰው ቅዳሜ ማለዳ ነው። እንድሪስ ኮምቦልቻ፣ ከሚሠራበት ጋራዥ አጠገብ በተከራያት ክፍል ውስጥ ወባ ይዞት በሦስተኛው ቀን ሞተ። በዚያው ቀበሩት።

መርዶ ነጋሪው የሥራ ባልደረባው በሺር ነበር። ለቅሶው ጋብ ሲል፣ አጽናናለሁ ብሎ አንድ ነገር አመለጠው።

«ጨዋታ አዋቂ ነበር እኮ! ባለፈው ወር እንኳ ግቢው ውስጥ ቆሞ ጥርስ ጣሪያ ላይ ሲወረውር አየሁት። ‹ቁራ፣ ቁራ፣ አሮጌውን ውሰድ፣ አዲሱን ስጠኝ› እያለ!»

የሚስቱ የሸሪፋ እንባ ቀጥ አለ። አንድ ልጃቸው ኡሙሰልማ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቀበሌ ውስጥ መሠረተ ትምህርት ታስተምራለች። የወተት ጥርሶቿን ቁራ ከወሰዳቸው አሥር ዓመት አልፏል።

ታዲያ የማን ጥርስ ነው?

በባሏ ሞት ኢዳ ላይ ናትና አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት ሳትወጣ ይህንኑ ስታወጣ ስታወርድ ከረመች። እንድሪስ በመጨረሻው ዓመት ተለውጦ ነበር። ጁምዓ ጁምዓ ሲመጣ ያቀረበችለትን ቆሎ «ለመንገድ ይሆነኛል» እያለ ኪሱ ይከተዋል። ገንፎ ካልሆነ ማለት አመጣ። ሲስቅም በፎጣው ጫፍ አፉን ይሸፍናል።

«ገንፎ የት ለመደ? ከልጅ ጋር እየበላ ነዋ!» አለቻት ለጎረቤቷ ለሐዋ። «ቆሎውም ለልጁ ነው። አፉን የሚሸፍነው ደግሞ አፍሮኝ።»

«ወላሂ፣ በዚያ ጥርሱ ስንቷ ትወድቅለት!» አለች ሐዋ።

እውነቷን ነው። ሸሪፋ ራሷ ከሠርጋቸው ማግስት ጀምሮ «ጥርስህ ባይሆን ማን ያገባህ ነበር!» ስትለው ኖራለች።

ኢዳዋን እንደጨረሰች አውቶቡስ ተሳፍራ ሐረጎን ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ወረደች። ዘንቢሏ ውስጥ ለሰባት ዓመት ልጅ የሚሆን አዲስ ሸሚዝ አለ። እናትየዋን የምትላትን ገና አልቆረጠችም። ልጁ ግን የእንድሪስ ከሆነ የእሷም ነው።

የእንድሪስ አከራይ እትዬ አረጋሽ በር ላይ ተቀበሏት።

«እትዬ፣ ልጁን ይጥሩልኝ» አለች ሸሚዙን ከዘንቢሏ አውጥታ።

«የምን ልጅ?»

«ጥርሱ የወለቀው ነዋ! እንድሪስ ጣሪያ ላይ የወረወረለት።»

እትዬ አረጋሽ ሸሚዙን አዩ፤ እሷን አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፤ ሳቁና አለቀሱ።

«ሸሪፋ እንዳትሰማ ብሎ አስምሎኝ ነበር እኮ!»

አንባቢ ሆይ፣ በሃምሳ አንድ ዓመቱ መንጋጋ ጥርሶቹ አንድ በአንድ ቢረግፉበት፣ ተራው ወደ ፊት ጥርሶቹ ሳይደርስ ቁራን አዲስ ጥርስ የለመነውን እንድሪስን አላህ ይዘንልህ በሉት።