የዛፏ ክፍል

ደብረ ብርሃን ውስጥ ማንም ሰው በቤቱ ከአንድ ክፍል በላይ እንዳያሞቅ የተከለከለ ዕለት፣ ባለቤቴ አስራደ ያቺን አንድ ክፍላችንን ለዛፍ ሰጠ። ማንጎስቲን ናት፤ ብርድ ከነካት የምትሞት የሩቅ አገር የቆላ ፍሬ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው እናቱ፣ እማማ ሸዋረገድ፣ ከእኔ ጋር በረዶ በሆነው ክፍል ካፖርት ለብሰው ይተኛሉ።

"እናትህን እዚያ አስተኛቸው" ብዬ ብለምነው፣ "በሩ በተከፈተ ቁጥር ዛፏን ብርድ ይመታታል" አለኝ። እናቱን ስለሚመታቸው ብርድ ትንፍሽ አላለም! ትናንት መብራት ሲጠፋማ ጭራሽ ጋቢያቸውን ከላያቸው ገፎ ግንዷን ጠቀለለበት።

"መጀመሪያውኑ ዛፍ አታገባም ነበር?" ብዬ ጮህኩበት። ቅጠሏን መዳበሱን ቀጠለ።

ዛሬ የመጀመሪያዋን ፍሬ ቀጥፎ ከዛፏ ክፍል እየሮጠ መጣ። እሸት ታላቅ ሰው ቀምሶ ይመርቀዋልና እናቱ እግር ሥር ተንበረከከ።

"እማዬ፣ ቅመሺና መርቂኝ።"

እማማ ፍሬዋን በሁለት መዳፋቸው አቅፈው ደረታቸው ላይ አስጠጓት። ጠበቅን። አልላጧትም።

"ቅመሺያ እማዬ!"

"ቆይ ልጄ" አሉት፣ ከንፈራቸው እየተንቀጠቀጠ። "ሙቀቷ እስኪያልቅ እጄን ላሙቅባት።"