ከዚህ ጋር የሚመሳሰል

ፍላሹን ባንኮኒው ላይ ወረወርኩለት። «ይኼን የጃፓን ካርቱን ለልጅ ልጄ ለራኬብ የምትጭንላት አንተ ነህ?»

«አኒሜ ይባላል፣ እማማ» አለኝ ባለ ፊልም ቤቱ። «አንዱን ስትወደው የሚመሳሰለውን እመርጥላታለሁ።»

«ደግሞ ምርጫ አለው! ዓይናቸው ድስት የሚያክል፣ ፀጉራቸው ሰማያዊ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት! ልጅቷ እህል ዘጋት፤ ከሰው ጋር ማውራት ተወች። እናቷ ከቤሩት ስትመለስ ምን እላታለሁ?»

እናቷ አትመለስም። ልጄ ከሞተች ስምንት ወር ሆኗታል። ፈተናዋን ትጨርስ፣ ክረምቱ ይለፍ እያልኩ ለራኬብ መርዶውን አልነገርኳትም። ጥቁር ልብሴን እንኳ የምቀይረው ጎረቤት ቤት ነው።

«ለመሆኑ ምኑ ነው የሚመሳሰለው? መተራረዱ?»

«ኧረ እማማ! የምትፈልገውን የምትነግረኝ እሷው ናት። ሥዕሉ ለስለስ ያለ፣ ጩኸት የሌለበት።» ፍላሹን አንስቶ በጣቱ ያገላብጠው ጀመር። «ታሪኩ ደግሞ እናቷ መሞቷን እያወቀች፣ አያቷ እንዳትጨነቅባት ብላ ያላወቀች የምትመስል ልጅ ያለችበት። መጨረሻው ላይ እንዴት አድርጋ እንደምትነግራት ማየት ፈልጋ ነው።»