የዌንዴል ኮምፓስ

በኦሃዮ ገጠር የድሮ የመሬት መለኪያ ዕቃ የሚሰበስቡ ሽማግሌዎች አንድ ሕግ አላቸው፤ ናስ አይወለወልም። ጥቁረቱ ዕድሜው ነው። ናስ የወለወለ ሰው እናቱን በጥፊ እንደመታ ይቆጠራል።

ዌንዴል ከሞተ ሦስት ወሩ ነው። ሚስቱ አርሊን የቀያሽ ኮምፓሱን ቅዳሜ ለከተማው ሙዚየም ልትሰጥ ነው። ናሱ ላይ የአንድ ስመ ጥር የፊላደልፊያ ሠሪ ስም ተቀርጾበታል። ሙዚየሙም ከሥሩ "የዌንዴል ስጦታ" ብሎ ሊጽፍ ቃል ገብቷል።

"ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ነድቶ ስሙ የትም አልተጻፈም" ትላለች አርሊን።

ሐሙስ ከሰዓት ዴልበርት መጣ። ኮምፓሱን ከአርባ ዓመት በፊት ለዌንዴል የሸጠለት እሱ ነው። ሸጦ ሳይውል ሳያድር "መልስልኝ" ማለት ጀመረ፤ እስከ ቀብሩ ሲለምን ኖረ።

"አርሊን፣ ለእኔ ሽጪልኝ። የፈለግሽውን ዋጋ ጥሪ።"

"ዛሬም አልወጣልህም? ዌንዴል 'በሞትኩ ማግስት ዴልበርት በሬን ያንኳኳል' ይል ነበር። ሦስት ወር መታገሥህም ደግ ነው።"

ዴልበርት አልሳቀም። "ለሙዚየም አትስጪው።"

"ለምን? አንተ ሳሎን ካላደረ ያመዋል? ቅዳሜ ከኮለምበስ የድሮ ዕቃ መርማሪ መጥቶ በማጉያ መነጽር ሊያየው ነው፣ ያውም ሕዝብ ፊት።"

ዴልበርት ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዞረው። "እንግዲያው ለመጨረሻ ጊዜ ልየው።"

ሰጠችውና የፖም ፓይ ልትቆርስለት ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ የኮምፓሱ መስተዋት ተነቅሏል፤ ዴልበርት ናሱን ከኪሱ ባወጣው የብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈገ ነው። ስሙ ጠፍቷል። ናሱ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል።

አርሊን ሳህኑን እንደያዘች ቀረች።

"ለእኔ ካልሆነ ለማንም አይሁን አልክ?"

"አዎ" አለ ዴልበርት ወለል ወለሉን እያየ።

"ዌንዴል 'ወንድሜ' ይልህ ነበር እኮ።"

"አውቃለሁ።"

ሙዚየሙ ስጦታውን ተወው። ሰብሳቢዎቹ ዴልበርትን ከማኅበራቸው አስወጡት። ቁርስ ቤት ሲገባ አንዱ "ዴልበርት፣ ና ጥርሴንም ወልውልልኝ" ብሎ አሳቀበት። አርሊን በቤተ ክርስቲያን መቀመጫ ቀየረችበት። ዌንዴልን ግን ሁሉም "ምስኪን፣ እንዲያ ያለ ኮምፓስ ነበረው" ይሉታል። ዴልበርት አንገቱን ደፍቶ እንቁላሉን ይበላል።

ያንን ስም ከአርባ ዓመት በፊት ባዶ ናስ ላይ የቀረጸው የራሱ የዴልበርት እጅ ነበር።