ጥጥና ፕላስተር

«አፍሽን ግጠሚ» አለና ወንድሜ በሁለት ጣቱ የልጁን ከንፈር ቸብ አደረገው። ፀጉር ቤቴ ከገቡ ወዲህ አራተኛ ጊዜው ነው። ወንድሜ በያጅ ነው፤ ጣቱ ጣት አይደለም፣ የብረት ቁራጭ ነው።

ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው። ደንበኞቼ የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ጣውላ ደርቤ አስቀምጫት፣ ነጩን ጨርቅ አንገቷ ላይ አስሬ፣ ግንባሯ ላይ የወረደውን ፀጉር እየከረከምኩላት ነበር። እንደታዘዘችው ከንፈሯን ገጠመች። ትንሽ ቆይቶ ደረቷ ተነፋ፣ ዓይኗ ፈጠጠ፣ አፏ ተመልሶ ተከፈተ። የቆረጥኩት ፀጉር ገባበትና ትፍ ትፍ አለች።

ሃያ ዓመት ፀጉር አስተካክያለሁ። እኔ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ልጅ ማንም ሳይነግረው አፉን ይገጥማል፤ ፀጉር መብላት የሚወድ የለም። የሷ አልገጥም ካለ ግን ነገር አለ ማለት ነው። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል፤ ከተወለደች ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ያላየች ትመስላለች።

«ይቺ ልጅ በአፍንጫዋ አትተነፍስም» አልኩት።

ሳቀብኝ። አልፈርድበትም። ከአንድ ደንበኛ ጎፈሬ ውስጥ እንቁላል የታቀፈች ወፍ አግኝቼ፣ ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ ሰውየውን ሁለት ሳምንት ከወንበር አላስነሳሁትም ብዬ የምምል ሰው ነኝ። ከአራተኛ ክፍል የወጣሁትም አስተማሪው የሚያስተምረኝ ስላለቀበት ነው ብዬ ነው የማወራው። ስለዚህ የእጅ መስታወቷን አነሳሁና «አንዴ ግጠሚልኝ የኔ እናት» ብዬ አፍንጫዋ ሥር ያዝኩላት። መስታወቷ እንደጠራች ቀረች። አባቷ አፍንጫ ሥር ሳደርጋት ወዲያው ጉም ለበሰች። ወንድሜ መስታወቷን ተቀብሎኝ ገልብጦ ጀርባዋን መረመረ፤ ማታለያዋ የት እንዳለች እየፈለገ ነው።

አንድ የአንገት በላይ ሐኪም ደንበኛ አለኝ፤ ክሊኒኩ ከሱቄ ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ላይ ነው። እሱ የነገረኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ለወንድሜ ነገርኩት፤ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ከአፍንጫ በስተጀርባ ያለ ሥጋ አብጦ መንገዱን ይዘጋል፣ ልጁ ያንኮራፋል፣ ደክሞት ይነሳል፣ ቀን ይፈዛል፤ ከታየ ግን ይታከማል። ታንኮራፋለች ወይ ስለው እንደ አሮጌ ጭነት መኪና ነው አለ፣ ቤት ውስጥ መሳቂያችን ናት አለ። ትምህርት ቤትስ ስለው ፊቱ ጠቆረ። ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች፣ ክፍሏን ትድገም ብለው ወረቀት ልከውበታል።

«ሰነፍ ሆና ነው» አለና ከኪሱ አንድ ጥቅል ፕላስተር አወጣ። «ከዛሬ ማታ ጀምሮ አፏን ለጥፌ ነው የማስተኛት። ስትለምድ ትተወዋለች።»

መቀሱን አስቀመጥኩ። በእጄ ስለት ይዤ መናደድ አልወድም። ደግሞ የተናደድኩት በሱ ብቻ መሰላችሁ? «የዝንብ ወጥመድ» የሚለውን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ቤተሰቡ ሁሉ ያንን ተቀብሎ ሲጠራት እኔ ነበርኩ ከሁሉም በላይ ሆዴን ይዤ የምስቀው። አሁን ያቺን ምላሴን ባገኛት በቶንዶስ እላጫት ነበር።

ልጅቷን አወረድኳትና ወንድሜን ጺምህን ልላጭህ፣ በነፃ ነው አልኩት። ተቀመጠ። አረፋ አፍንጫህ እንዳይገባ ነው፣ አዲሱ አሠራር እንዲህ ነው እያልኩ ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ በሁለቱም አፍንጫው ወተፍኩለት። እውነቱን ስነግረው የሳቀብኝ ሰውዬ ይቺን አመነልኝ። አረፋውን እስከ ከንፈሩ ድረስ አለበስኩት።

«አፍህን ግጠም» አልኩት።

ገጠመ። ደረቱ ተነፋ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። አፉን ሲከፍት አረፋው ገባበት። በሁለት ጣቴ ከንፈሩን ቸብ አደረግኩት።

«ግጠም አልኩህ።»

«ጋሼ፣ ቀልዱን ተው» አለ፤ ድምፁ ከጆንያ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል።

ቀልድ አልነበረም። እንደገና መታሁት፣ ጠንከር አድርጌ። «ሰነፍ ሆነህ ነው። ትለምደዋለህ።» ለመነሳት ሲሞክር ትከሻውን ይዤ መለስኩት። ወንድሜ በመስታወት ውስጥ አየኝ። ዓይኑ ፈጦ፣ አፉ ተከፍቶ፣ ቅድም ጣውላው ላይ የነበረችውን ልጅ ራሷን መስሎ ነበር። ያየው ይሁን አይሁን አላውቅም።

ልጅቷ ያየችው መሰለኝ። መጥታ የወንበሩን ክንድ ያዘች፣ በእግሯ ጣት ቆመች፣ ጆሮው ሥር ተጠጋች። የምትናገረው እኔ እንዳልሰማ በሹክሹክታ ነበር፤ ሱቁ ጠባብ ስለሆነ ሰማሁ።

«አባዬ፣ ከንፈርህን ግጠመውና ጥርስህን ብቻ ፈልቀቅ አድርገው። በዚህ በጥጉ በኩል ትንሽ ትንሽ አየር ይገባል። ማንም አያይህም፣ አይመቱህም።»

እጄን ከትከሻው ላይ አነሳሁ። አረፋው ከወንድሜ አገጭ እየወረደ ጨርቁ ላይ ይንጠባጠባል፤ አልጠረገውም። ጥጡንም አላወጣውም።

«ሐኪሙ ዛሬ ቅዳሜ ይሠራል?» አለኝ በመጨረሻ።

እስከ ስድስት ሰዓት አለ አልኩት። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አምስት ተኩል ይላል።

ወንድሜ እጁን ከጨርቁ ሥር አወጣና ቀስ አድርጎ ወደ ልጁ ጉንጭ ሰደደ። እሷ እጁ ሲመጣ ስታይ ቶሎ ብላ አፏን ገጠመች።