ሁለት ላይ፣ አራት ላይ

አራት ሆነው ጃዝ ይጫወታሉ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ በሰፈሩ አዳራሽ ለመጣው ሁሉ በነፃ ያስተምራሉ። ትራምፔት የሚነፋውን «ጥሩምባ» ነው የሚሉት። ለሹፈት ነው እንጂ ሰውየው ከሰላምታ ሌላ ቃል አይወጣውም።

ማስተማር ላይ ግን ሌላ ሰው ነው። በተለይ የተማሪዎቹ ጭብጨባ ደሙን ያፈላዋል።

«ኧረ አንድ ላይ አይደለም! እስከ አራት ስትቆጥሩ አንድንና ሦስትን እለፏቸው። ሁለት ላይ፣ አራት ላይ!»

እሺ ይላሉ። ከዚያ አንድና ሦስት ላይ ያጨበጭባሉ። በስድስት ወር ውስጥ አንድም ሰው አልያዘለትም።

ሚስቱ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ልጅ የለውም። የሚኖረው አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነው። የክፍሏ የጀርባ ግድግዳ፣ በሩ በሌላ መንገድ ከሆነ ቤት ጋር የተጣበቀ ነው፤ ማን እንደሚኖርበት አያውቅም። ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ሲል አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይነፋል። ከሰው ጋር የተጫወተ የሚመስለው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ግድግዳው ተንኳኳ።

ደንግጦ ድምፁን ቀነሰ። ማንኳኳቱ አልቆመም። ቀለበት ይሁን ቁልፍ፣ የሆነ ብረት ነገር አብሮ ቀጭ ይላል። እሱ ሲያቆም ያም አቆመ።

በማግስቱም ያው። ፈጠን ያለ ዜማ ሲነፋ ማንኳኳቱም ፈጠነ፤ ንዴት ነው፣ አለ በሆዱ። ዝግ ያለውን ሲነፋ ዝግ አለ፤ ክንዳቸው ዝሎ ይሆናል። የትራምፔቱን አፍ በካልሲ ወተፈው። ይባስ ብሎ ማንኳኳቱ ወደ እሱ ተጠጋ፣ ልክ ከትራሱ ጀርባ።

«ሄደህ አናግራቸዋ!» አለው ድራመሩ።

«ምን ብዬ? እዚህ በመኖሬ ይቅርታ ልበል?»

«ቢበዛ ይሰድቡሃል፤ ሌላ ምን ይመጣል?»

«እሱን እኮ ነው የፈራሁት።»

ሆድ ባሰው። እሱን ቢጠሉት ግድ አልነበረውም። ትራምፔቷ ግን ከሚስቱ በኋላ የቀረችው እሷ ብቻ ነች፤ እሷንም ጠሉበት። ወሩ ሳያልቅ ጨርቄን ማቄን ሳይል ቤቱን ለቀቀ። ከከተማው ዳር፣ ግድግዳዋ ከማንም የማይገናኝ ክፍል አገኘ።

እዚያ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነፋ። ማንም አላንኳኳም። እፎይ ሊል ይገባ ነበር፤ አላለም። በሳምንቱ እቤት መንፋቱን ተወው።

«ለሰው ጆሮ ሸክም ከሆንኩ ምን አደከመኝ?» አለው ድራመሩን። «የፊታችን ቅዳሜ የመጨረሻዬ ነው። ሌላ ነፊ ፈልጉ።»

ድራመሩ ለመነው፣ ተቆጣው፣ አልሆነም።

ቅዳሜ አዳራሹ እንደ ወትሮው ነበር። ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። አንዲት ከዚህ በፊት ያልታዩ አሮጊት ገብተው ከሁሉም ኋላ፣ ብቻቸውን ተቀመጡ። ጥሩምባ ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ፤ ሦስቱ ተከተሉት። ተማሪዎቹም እንደ ልማዳቸው አንድና ሦስት ላይ አጨበጨቡ።

ከኋላ ግን አንድ ድምፅ ተለየ። ሁለት ላይ። አራት ላይ። አሮጊቷ የወንበሩን እንጨት እየመቱ ነው፤ ቀለበታቸው አብሮ ይሰማል።

ጥሩምባ መንፋቱን አቋርጦ ሳቀ። ሲስቅ ድራመሩ አይቶት አያውቅም።

«እሰይ! አያችሁ? እንዲህ ነው እኮ! እማማ፣ ይህን ማን አስተማረዎት?»

አሮጊቷ እጃቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ጎረቤቴ ነበር፣ ልጄ፤ እሱ ከግድግዳው ማዶ ይነፋል፣ እኔ ከወዲህ እመታለታለሁ፣ እንዲያ ስንጫወት ከርመን በምን እንዳስቀየምኩት እንጃ፣ ሳይሰናበተኝ ለቆ ሄደ።»