የወንድሜ ሰማያዊ

የምሠራበት ማይክሮስኮፕ መርፌ ናሙናውን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ይቆማል። ከጫፉ ስር የሚመለሰው ብርሃን እንደየቁሱ ስለሚለያይ እኛ ቀለም እንሰጠዋለን፤ ሥጋ ቀይ፣ መስታወት ሰማያዊ።

የዛሬው ናሙና ከወንድሜ ሳንባ የተቆረጠ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ መስታወት ሲቆርጥ ብናኙን ምጎታል። ሐኪሙ፣ "ሰማያዊው ከግማሽ ካለፈ ምንም ማድረግ አልችልም" ብሎናል።

ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ብቻ መጣ። ቦታ ቀየርኩ፤ አሁንም ሰማያዊ።

"አንቺ ልጅ፣ ገልብጠሽው ይሆናላ!" አለችኝ አለቃዬ ትከሻዬን ይዛ። "መርፌው የሚያየው ሥጋው የተለጠፈበትን መስታወት ነው። አዙሪውማ።"

እውነቷን ነው፤ የጀማሪ ስህተት። አዞርኩት። ስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆነ፤ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ እንኳ የለችም። "እሰይ!" ብዬ አለቀስኩ።

ናሙናውን ላነሳ ጎንበስ ስል ግን ቁጥሩን አየሁት። ቁጥር የምንጭረው ሁልጊዜ ሥጋ በሌለበት በባዶው የመስታወቱ ጀርባ ላይ ነው። ቁጥሩ ወደ ላይ ሆኖ ያየኛል፤ ቀይ ያሳየው መስታወቱ፣ ቀድሞ ሰማያዊ ያሳየው ሥጋው ነበር ማለት ነው። በጣቴ ነካሁት። መስታወቱ እንደ ሥጋ ለስላሳ ነው፤ ይሞቃል።

በሩ ተከፈተና ወንድሜ ገባ።

"እህት ዓለም፣ ጠዋት ስነሳ ሳሉ የለም!" አለኝ እየሳቀ። "እንደ ድሮዬ ሆኛለሁ። ስሚው እስኪ።"

ደረቱን በጣቱ መታ አደረገ። ደረቱ እንደ ብርጭቆ ቂው አለ።